ሜክሲካኖ ለሜክሲኮው አማች

ተናጋሪዎቹ፦

ኖል፦ የድንች ጥብስ ቤት ባለቤት፤ ስልሳ ሦስት ዓመቱ። የማያውቀው ነገር የለም። እኔ ነኝ።

ድሪክ፦ የሟች ባለቤቴ የቶስ ወንድም። ድንች ይልጥልኛል። ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ቢያንስ እስከዚያ እሁድ ድረስ እንደዚያ እል ነበር። የጭውውቱን መጨረሻ የጻፍኩት እሱ እየነገረኝ ነው፤ እኔ ያኔ በር ተዘግቶብኝ ስለነበር ያየሁት ነገር የለም።

[ብራባንት ውስጥ፣ ሄስቤክ የምትባል መንደር። የጁን ወር እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ። ጥብስ ቤቱ የሚከፈተው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ደንበኛ የለም። ዘይቱ እየጋለ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ሜክሲካኖ ተደርድሯል። ሜክሲካኖ ከተፈጨ ሥጋ የሚሠራ፣ ቅመም የገባበት፣ ከነበረዶው ዘይት ውስጥ የሚጣል፣ ጀርባው ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ጥብስ ነው። ጥግ ላይ ጠባብ በር አለ፤ ሽንት ቤቱ ነው። ድሪክ የቶስን ሮዝ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቋል። ኖል ጓንት አላደረገም።]

ድሪክ፦ አራት ነው።

ኖል፦ አምስት ነው አልኩህ።

ድሪክ፦ እየቆጠርኩት እኮ ነው፣ ኖል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ኖል፦ አንተ የምትቆጥረው ጎድጓዳውን ነው። የሚቆጠረው ጉብታው ነው።

ድሪክ፦ ቅድም ጎድጓዳውን ቁጠር ያልከኝ አንተ ነህ።

ኖል፦ ልፈትንህ ብዬ ነው።

ድሪክ፦ ለመሆኑ ለምንድን ነው እንዲህ የተሸነተረው?

ኖል፦ የሜክሲኮ ተራሮች ናቸው። አገሩ ወጣ ገባ ነው። አገራቸውን እንዳይረሱ ምግባቸው ላይ ቀረጹት።

ድሪክ፦ ካርቶኑ ላይ ያለው የፋብሪካ አድራሻ ግን ከዚህ በብስክሌት አርባ ደቂቃ ነው።

ኖል፦ እሱ ቅርንጫፉ ነው።

ድሪክ፦ ዋናው የት ነው?

ኖል፦ ሜክሲኮ ነዋ። ስሙ እየነገረህ አንተ ደግሞ አድራሻ ታነባለህ።

ድሪክ፦ እንዲያማ ከሆነ በገና ሰሞን የምንበላው የሩሲያ እንቁላልስ?

ኖል፦ እሱ ከሩሲያ ነው።

ድሪክ፦ ቶስ አልነበረች እንዴ የምትሠራው?

ኖል፦ ከሩሲያ ተምራ ነዋ።

ድሪክ፦ እህቴ ከአይንድሆቨን አልፋ አታውቅም።

ኖል፦ ድሪክ፣ ነገር አታንዛዛ። ልጄና ጓደኛዋ ዐሥር ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ሰዓቱ ስንት ነው?

ድሪክ፦ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። እና ለሚርተ ጓደኛ ይሄን ልታበላው ነው?

ኖል፦ እስቲ አስበው። ልጁ ከሜክሲኮ መጥቶ ዩትሬክት ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ዳቦ በቺዝ፣ ምሳ ዳቦ በቺዝ። አንጀቱ አገሩን ይጠራል። ምን ያደርጋል? ልጄን ይዞብኝ ይሄዳል።

ድሪክ፦ ማን ነው እሄዳለሁ ያለህ?

ኖል፦ ሚርተ ደውላ “እሁድ እንመጣለን፣ ፓፓ፤ የምናወራው ቁም ነገር አለን” አለችኝ። ሴት ልጅ አባቷን ቁም ነገር አለን ስትል ሻንጣ ገዝታለች ማለት ነው።

ድሪክ፦ አይ፣ እሱ እንኳ ሌላ ነገር…

ኖል፦ አውቃለሁ።

ድሪክ፦ ገና አልተናገርኩም።

ኖል፦ ልትል ያሰብከውን አውቃለሁ። ትልቅ ልጅ ናት፣ ትሂድ ተዋት ልትለኝ ነው።

ድሪክ፦ እኔ ልልህ የነበረው ክፍሉን ቀለም…

ኖል፦ ቀለሙን እንዳትነካው። ይሄ ቤት በቢጫው ነው የሚያምረው።

ድሪክ፦ የዚህን ቤት አላልኩም እኮ።

ኖል፦ አውቃለሁ አልኩህ። [ሜክሲካኖዎቹን ቀጥ አድርጎ ይደረድራል] ስማኝ። ሰው ከሚስቱ አገር የሚሸሸው በሆዱ ምክንያት ነው። የገዛ አገሩን ምግብ እዚህ፣ አማቱ ጥብስ ቤት ውስጥ፣ ትኩሱን ካገኘ ለምን ይሄዳል? በየሳምንቱ ይመጣል። እሷም ትመጣለች። እኔም አያታለሁ።

ድሪክ፦ ጥሩ አስበሃል።

ኖል፦ እሷ ብቻ ናት የቀረችኝ፣ ድሪክ። ቶስ ከሞተች አራት ዓመቷ። ሚርተም ባሕር ተሻግራ ከሄደች ማታ በር ስዘጋ ማን አለኝ?

ድሪክ፦ እኔ አለሁ።

ኖል፦ አንተማ አለህ።

ድሪክ፦ ቀዝቀዝ ብለህ ነው ያልከው።

ኖል፦ አለህ ብያለሁ እኮ፤ ዘፈን ልጨምርበት? እንግዲህ ሌላው ችግር ይሄ ከፋብሪካ የሚመጣው ለእኛ ሰው ተብሎ የለዘበ ነው። ለሱ አይሆንም። ለዚህ ነው ትናንት ከተማ ወርጄ ማዳም ዣኔትን ይዤ የመጣሁት።

[ድሪክ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ጓንቱን ቀስ ብሎ ያወልቃል።]

ድሪክ፦ ሴት አመጣህ?

ኖል፦ ፍሪጅ ውስጥ ናት።

ድሪክ፦ ፍሪጅ ውስጥ።

ኖል፦ ግማሿን ከትፌያታለሁ።

[ድሪክ ይቀመጣል።]

ድሪክ፦ ኖል፣ ሚርተ ሳትመጣ በፊት ለቄሱ እንደውል።

ኖል፦ ቃሪያ ናት፣ አንተ ሰውዬ። ከሱሪናሞቹ ሱቅ የገዛኋት። ቢጫ ናት፣ ትንሽዬ ፋኖስ ነው የምትመስለው።

ድሪክ፦ መጀመሪያ ስሟን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ኖል፦ ስሟን ነው የነገርኩህ።

[ከፍሪጅ ጎድጓዳ ሳህን ያወጣል። የተከተፈውን ቃሪያ በጣቱ እያነሣ የሜክሲካኖው ሽንትር ውስጥ ይጠቀጥቃል።]

ድሪክ፦ ባለ ሱቋ ጓንት አድርግ አላለችህም?

ኖል፦ አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሚፈላ ዘይት ጋር የኖርኩ ሰው ለቃሪያ ጓንት አላደርግም አልኳት።

ድሪክ፦ እሷስ?

ኖል፦ ሳቀች። አክብሮት ነው። ይኸው፣ አየህ እንዴት ልክክ እንደሚል? ሽንትሩ ለቃሪያ የተሠራ ነው።

ድሪክ፦ ቅድም ተራራ ነው አልከኝ።

ኖል፦ ተራራ ላይ ቃሪያ አይበቅልም?

[ድሪክ አንዱን ሜክሲካኖ አንሥቶ ያያል።]

ድሪክ፦ አንተ ግን ሜክሲካኖ በልተህ ታውቃለህ?

ኖል፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ሸጬዋለሁ።

ድሪክ፦ መሸጥህንማ አውቃለሁ። በልተህ ታውቃለህ ወይ?

ኖል፦ አንድ ጊዜ።

ድሪክ፦ ሙሉውን?

ኖል፦ ግማሽ።

ድሪክ፦ ከዚያስ?

ኖል፦ ወተት ጠጣሁ። ቶስ የቀረውን በላችልኝ፤ ለማንም አልናገርም ብላ ማለችልኝ።

ድሪክ፦ በማግስቱ ነግራኛለች።

ኖል፦ አውቃለሁ። ይልቅ አንዱን ጥበሰውና ቅመስልኝ። የኔ ምላስ ስሱ ነው፤ ምላሴን ለሥራ እፈልገዋለሁ።

[ድሪክ አንዱን ዘይት ውስጥ ይጥላል፤ ሲወጣ እፍ እፍ ብሎ ግማሹን ይጎርሳል። ኖል ፊቱን ይከታተላል።]

ኖል፦ እህስ?

ድሪክ፦ ደህና ነው።

ኖል፦ አያቃጥልም?

ድሪክ፦ ምንም።

ኖል፦ ምንም ማለት ምን ማለት ነው? ስድስት ፍሬ ቃሪያ ነው የከተፍኩት።

ድሪክ፦ ሥጋ ሥጋ ይላል። ትንሽ ማዮኔዝ ቢኖረው አይከፋም።

ኖል፦ ባለ ሱቋ አታለለችኝ ማለት ነው። እጨምርበታለሁ። [የቀረውን ቃሪያ በሁለት እጁ ጨምቆ ይጠቀጥቃል] በዚህ ካልተቃጠለ አንጀቱ ቆርቆሮ ነው። ቆይ፣ ደርሼ ልምጣ። ሲጨንቀኝ ውሃ ሽንቴ ይመጣል።

[ወደ ጠባቡ በር ይሄዳል።]

ድሪክ፦ ኖል፣ እጅህን ታጠብ።

ኖል፦ አውቃለሁ። ስወጣ እታጠባለሁ።

ድሪክ፦ ዛሬ ከመግባትህ በፊት ብትታጠብ…

ኖል፦ ሰው የሚታጠበው ከሽንት ቤት ሲወጣ ነው። ይሄንን ደግሞ ካንተ ልማር?

ድሪክ፦ እሺ። ቁጭ በልና በዚያው የልደት ካላንደሩን…

ኖል፦ እኔ ቆሜ ነው። ቶስ በነበረችበት ጊዜ እንኳ ለሃያ ስምንት ዓመት ቁጭ በል ብላኝ ቁጭ አላልኩም። ካላንደሩንም አውቃለሁ፤ የልደትህ ቀን ደርሷል፣ ኬክ ትፈልጋለህ።

ድሪክ፦ የኔ ልደት ጃኑዋሪ ነው።

ኖል፦ እሱንም አውቃለሁ።

[ይገባል። በሩ ይዘጋል። ድሪክ ማንኪያ ማጠብ ይጀምራል። በመካከል ቀጥ ይላል። ማንኪያውን ያስቀምጣል። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ይቀላል። ዓይኑ እንባ ይሞላል። ፍሪጁን ከፍቶ የወተቱን ጠርሙስ አፉ ላይ ይደፋዋል፤ ሲጠጣ፣ ሲጠጣ…]

ኖል፦ [ከበሩ ጀርባ፣ በቀስታ] ድሪክ።

ድሪክ፦ [ትንፋሹ ተቆራርጦ] ኖል። ያቃጥላል።

ኖል፦ አውቃለሁ።

ድሪክ፦ በጣም ነው የሚያቃጥለው። አሁን ደረሰኝ።

ኖል፦ እኔም ደርሶኛል። ወተት አለ?

ድሪክ፦ ልትጠጣው ነው?

ኖል፦ አይደለም።

[ድሪክ ወተቱን ያያል፤ በሩን ያያል፤ ወተቱን ያያል።]

ድሪክ፦ አሃ።

ኖል፦ ቶሎ በል።

ድሪክ፦ ግማሹን ጠጥቼዋለሁ።

ኖል፦ የቀረውን አምጣ።

ድሪክ፦ በምን ላድርገው?

ኖል፦ ሰፋ ባለ ነገር።

ድሪክ፦ የማዮኔዙ ባልዲ አለ።

ኖል፦ ታጥቧል?

ድሪክ፦ ታጥቧል።

ኖል፦ አምጣው። በሩን ገርበብ አደርጋለሁ፤ ፊትህን አዙር።

[ድሪክ ፊቱን አዙሮ ባልዲውን በበሩ ክፍተት ያስገባል። በሩ ይዘጋል። ወተት ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ረጅም ትንፋሽ።]

ድሪክ፦ እንዴት ነው?

ኖል፦ ቀዝቃዛ ነው። እግዚአብሔር ላሟን ይባርካት።

ድሪክ፦ ተቀምጠሃል ማለት ነው?

ኖል፦ ባልዲ ላይ ቆሞ የሚቀመጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

ድሪክ፦ አላየሁም። ጋዜጣውን ልስጥህ?

ኖል፦ አሁን የዓለም ጉዳይ አያሳስበኝም።

[ድሪክ የቀሩትን አምስት ሜክሲካኖዎች ወደ ዘይቱ ይወስዳል። ይጥላቸዋል። ዘይቱ ይንጫጫል። ከበሩ ጀርባ ለረጅም ጊዜ ድምፅ የለም።]

ድሪክ፦ ኖል፣ አለህ?

ኖል፦ ይሄ በሩ ላይ ያለው።

ድሪክ፦ ካላንደሩ ነዋ። የቤተሰቡ ልደት የሚጻፍበት። ሰው ቁጭ ሲል ፊት ለፊቱ እንዲሆን ብላ ቶስ ነች የሰቀለችው።

ኖል፦ አላየሁትም።

ድሪክ፦ በቀን አምስቴ ትገባለህ እኮ።

ኖል፦ ስቆም ከጀርባዬ ነው። ስቀመጥ ጋዜጣ እዘረጋለሁ። ከሞተች ጀምሮ አንድ ቀን አላየሁትም፣ ድሪክ። የገዛ እጇ ጽሕፈት ነው። ማርች ዘጠኝ ላይ የራሷን ስም የጻፈችበት ነው። እሱን እንዳላይ ነው ጋዜጣ የማነበው። እኔ ጋዜጣ ምን ይሠራልኛል?

ድሪክ፦ እኔ ዓለምን ለማወቅ መስሎኝ ነበር።

ኖል፦ ሁሉም እንደዚያ እንዲመስለው ነው። አሁን ጁን ላይ ነው። ማን ነው ወሩን የሚገለብጠው?

ድሪክ፦ እኔ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን። ቶስ አደራ ብላኝ ነበር፤ ኖል አይገለብጠውም አለችኝ።



ኖል፦ ጁን ዐሥራ ሁለት ላይ “ኤሚልያኖ” ይላል። የሚርተ ጽሕፈት ነው።

ድሪክ፦ የሚርተ ጓደኛ ልደት ነዋ። እዚህ ካላንደር ላይ የተጻፈ ሰው እንግዲህ ዘመድ ነው።

ኖል፦ መቼ ነው የጻፈችው?

ድሪክ፦ ለፋሲካ ብቻዋን የመጣች ጊዜ። አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳትወጣ ስትቀር አንተ ሆዷን አሟታል ብለህ ሻይ አፈላህላት።

ኖል፦ ከዚህ ሌላ የጻፈችው ነገር አለ?

ድሪክ፦ ገልብጠዋ።

[ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ፣ አምስቴ። ከዚያ ምንም።]

ድሪክ፦ ኖቬምበር ደረስክ?

ኖል፦ በእርሳስ ነው የተጻፈው።

ድሪክ፦ ቀኑ በትክክል ስለማይታወቅ ነው።

ኖል፦ “ቶስ” ይላል። አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አለ።

ድሪክ፦ የሚወለደው ወንድ ከሆነ ሌላ ስም ያወጣሉ። ለዚህ ነው ጥያቄ ምልክቱ።

ኖል፦ አንተ ይሄን ሁሉ ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?

ድሪክ፦ ከፋሲካ ማግስት። እኔ ቁጭ ብዬ ነው።

ኖል፦ ለምን አልነገርከኝም?

ድሪክ፦ ታውቃለህ ብዬ ነዋ። ሚርተ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች፤ “አጎት ድሪክ፣ ፓፓ ካላንደሩን አየው?” ትላለች። እኔም “አባትሽ የማያውቀው ነገር አለ እንዴ” እላታለሁ። “ታዲያ ለምን ዝም አለ?” ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ተቆጥቷል ብላ ደመደመች። የዛሬው ቁም ነገር ይሄው ነው፤ ልትለምንህ ነው የምትመጣው።

ኖል፦ ሜክሲኮ ሊሄዱ አይደለም?

ድሪክ፦ የት? እኔ ቤት ፎቅ ላይ ነው የሚገቡት፣ የራሳቸውን እስኪያገኙ። ከልጁ ጋር ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ክፍሉን ቀለም ስንቀባ ነው የከረምነው። ቅድም ልነግርህ ጀምሬ ቢጫውን አትንካ አልከኝ።

ኖል፦ ልትነግረኝ የጀመርከው ስንቴ ነው?

ድሪክ፦ ዛሬ ሦስቴ። ከፋሲካ ወዲህ አልቆጠርኩትም።

ኖል፦ ያኔ እኔ ምን እልሃለሁ?

ድሪክ፦ “አውቃለሁ” ትለኛለህ።

[ከውጭ የሁለት ብስክሌት ደወል ይሰማል። ሰዓቱ በትክክል ዐሥር ነው።]

ድሪክ፦ መጡ።

ኖል፦ አሁን መውጣት አልችልም።

ድሪክ፦ አልበረደልህም?

ኖል፦ በአንድ በኩል በርዶልኛል። ሂድና አጫውታቸው። ድሪክ፣ ያንን ሜክሲካኖ እንዳይበላው፤ ልጁን ገድዬ ለልጄ ምን እላለሁ? ደብቀው።

[ድሪክ ጥብሱን ከዘይቱ ሳህን ላይ አውጥቶ ለመደበቅ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ይሄዳል፤ እንግዶቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ነው። ድምፆች። ሳቅ። ድሪክ ባዶ ሳህን ይዞ ይመለሳል።]

ኖል፦ ደበቅከው?

ድሪክ፦ ልደብቀው ስሄድ ልጁ ተቀበለኝ። ለሱ የመጣ መስሎታል።

ኖል፦ ቀመሰው?

ድሪክ፦ አራት በላ። አምስተኛውን ይዟል።

ኖል፦ ሐኪም ጥራ።

ድሪክ፦ ስሙ ማን ይባላል ብሎ ጠየቀኝ። ሜክሲካኖ አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአገሬ አይቼ አላውቅም ብሎ ሳቀ።

ኖል፦ አላለቀሰም?

ድሪክ፦ አላለቀሰም። ጣፋጭ ነው፤ ግን ሞቅ የሚያደርግ ነገር የላችሁም ወይ አለ።

[ከበሩ ጀርባ የሚሰማው ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አይለይም።]

ድሪክ፦ ኖል፣ ሚርተ ግን አልተቀመጠችም። ኮቷን እንደለበሰች ቆማለች። ፓፓ የት ነው ትላለች። እኔን ላለማየት ነው የተደበቀው ወይ ትላለች። ምን ልበላት?

ኖል፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በአባት ድምፅ] ከፋሲካ ጀምሮ አውቃለሁ በላት። ደስታው በዝቶብኝ ነው ዝም ያልኩት በላት። ሁሉንም አውቄ፣ አስቤበት፣ ተዘጋጅቼ ነው የጠበቅኋችሁ በላት።

ድሪክ፦ እሺ። [ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ዞሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ] ሚርተ! አባትሽ ገና አሁን ነው ያወቀው። ወተት ባልዲ ውስጥ ተቀምጦ እያለቀሰ ነው።

[የሚሮጥ እግር ወደ ጠባቡ በር ሲመጣ ይሰማል።]

ኖል፦ ቃሪያው ነው በላት።

ድሪክ፦ ቃሪያው ነው በላት ይላል።